ለባትሪው የሚስማማ ቻርጀር

ቢቸናና ሞጣ ከደጀን ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉ የጮቄ ተራራ ጎረቤት ከተሞች ናቸው። የደጋው የማለዳ ብርድ የባትሪን ጉልበት ይቀንሳል፤ የሞተሩን ዘይትም ያወፍራል። ውጭ ያደረ መኪና ወይም ባጃጅ አልነሳ ሲል ብዙ ጊዜ ተገፍቶ ይነሳል። መግፋት ግን ባትሪ አይሞላም። በከተማ ውስጥ ብቻ የሚመላለስ መኪና ዲናሞም የጎደለውን ሁሉ አይመልስም። ቻርጀር የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

የእርሳስ ባትሪን በ1859 እ.ኤ.አ. የሠራው ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ ነው። ባለ 12 ቮልቱ ባትሪ ስድስት ክፍሎች አሉት፤ በየክፍሉ የእርሳስ ሳህኖች ሰልፈሪክ አሲድ ባለበት ውሃ ውስጥ ተነክረዋል። ባትሪው ኃይል ሲሰጥ ሳህኖቹን የሰልፌት ሽፋን ይለብሳቸዋል፤ ቻርጅ ሲደረግ ይለቃቸዋል። ባዶውን ለሳምንታት ከተቀመጠ ግን ሽፋኑ ይጠጥርና አልለቅ ይላል። ስለዚህ የወረደ ባትሪ ውሎ ሳያድር ቻርጅ መደረግ አለበት።

ቻርጀር ሲገዛ መጀመሪያ ቮልቱ ይታያል። ለባጃጅና ለቤት መኪና ባለ 12፣ ሁለት ባትሪ በተከታታይ ለሚጠቀም የጭነት መኪና ባለ 24 ነው። ቀጥሎ አምፔሩ ይታያል፤ ከባትሪው አቅም አንድ አሥረኛ ቢሆን ይመረጣል። ለ60 አምፔር ሰዓት ባትሪ 6 አምፔር ይበቃል፤ ጨርሶ የወረደውን ለመሙላት ከ10 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ኃይለኛ ቻርጀር ያፈጥናል፤ ነገር ግን ባትሪውን አግሎ ውሃውን ያደርቃል። በመጨረሻ፣ ራሱን የሚቆጣጠር መሆኑ ይጣራል። ጥሩ ቻርጀር እስከ 14.4 ቮልት ገደማ ሞልቶ ወደ 13.5 ገደማ ይወርዳል። ቀላሉ ዓይነት ግን በራሱ ስለማያቆም ጠባቂ ይፈልጋል። ጄል ባትሪ ያለው ሰው ለጄል የሚሆን ማስተካከያ ያለውን ይምረጥ።

ሲያገናኙ ቻርጀሩ ከሶኬት ተነቅሎ ቀዩ ከፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ከኔጌቲቭ ይያዛል፤ ከዚያ ይሰካል። ሲጨርሱ አስቀድሞ ከሶኬት ይነቀላል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቻርጀሩ ሥራውን መቀጠሉን ማየት ነው። ውሃው ከሳህኖቹ በታች ከወረደ እስኪሸፍናቸው ብቻ የተጣራ የባትሪ ውሃ ይጨመራል፤ ቀሪው የውሃ መጠን ባትሪው ከሞላ በኋላ ይስተካከላል። የቧንቧ ውሃም ሆነ አሲድ አይጨመርም።

ከሞላ በኋላ ጥቂት ሰዓት ያረፈ ደህና ባትሪ በቴስተር 12.6 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ያሳያል፤ 12.2 ግማሽ ያህል ነው፤ ከ12 በታች የወረደው ባዶ ለመሆን ተቃርቧል።

ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ይለቃል፤ ጋዙ በአየር ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ ብልጭታ ያፈነዳዋል። ስለዚህ ምድጃ በሚነድበት ማዕድ ቤትም ሆነ ልጆች በሚተኙበት ክፍል ባትሪ ቻርጅ አታድርጉ። በሩ የተከፈተ፣ አየር የሚገባበት ቦታ ፈልጉለት፤ አሲድ ዓይን ወይም ቆዳ ከነካ ወዲያው በብዙ ውሃ እጠቡ።