ቤንዚን ሁሉ አንድ አይደለም

በክርያት ሞጽኪን ስለ አየር ብክለት ሲነሳ ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው በሃይፋ ባሕረ ሰላጤ ባሉት የነዳጅ ማጣሪያዎች (ባቴ ዚኩክ) ላይ ነው። ያለ ምክንያት አይደለም፤ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2022 የፔትሮኬሚካል ኢንዱስትሪው በአሥር ዓመት ውስጥ ከአካባቢው እንዲነሳ ወስኗል። ነገር ግን ከሃይፋ ወደ አኮ የሚወስደው መንገድ ከተማችንን ያቋርጣል፤ የመኪናው ጭስ ደግሞ የሚወጣው ከፋብሪካ ጭስ ማውጫ ከፍታ ሳይሆን ሕፃን በጋሪ ከሚሄድበት ከፍታ ነው። የኬሚስትሪ ተማሪ በመሆኔ «ቤንዚን ያው ቤንዚን አይደለም እንዴ?» እባላለሁ። አይደለም። ቤንዚን የመቶዎች ሃይድሮካርቦኖች ድብልቅ ነው፤ ከመኪናው የሚወጣውንም በከፊል የሚወስነው ይህ ድብልቅ ነው።

እርሳስ፦ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ሞተሩ እንዳያንኳኳ ቤንዚን ውስጥ ይጨመር ነበር። የልጆችን አእምሮ እንደሚጎዳ ታውቆ ቀስ በቀስ ታገደ፤ ለመኪና መሸጥ መጨረሻ ያቆመችው አልጄሪያ ናት፣ በ2021።

ቤንዝን፦ ስሙ ይመሳሰላል እንጂ ቤንዚን አይደለም፤ ቤንዚን ውስጥ ያለ አንድ ንጥረ ነገር ነው፣ የደም ካንሰርም ያመጣል። እርሳስ ሲወጣ ኦክቴኑ እንዳይወርድ ማጣሪያዎች ቤንዝን ያለበትን የአሮማቲክ ክፍል መጨመር ጀመሩ። አንዱን መርዝ ስናወጣ ሌላው ገባ ማለት ነው። ስለዚህ አውሮፓ በ2000 የቤንዝንን ጣሪያ ከ5 በመቶ ወደ 1 በመቶ አወረደች።

ድኝ፦ ካታላይዘር ያልተቃጠለ ነዳጅን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድንና የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ያጠራል። ድኝ ግን ካታላይዘሩ ውስጥ ባሉት ብረቶች ላይ ተለጥፎ ሥራውን ያዳክመዋል። ድኝ የበዛበት ነዳጅ አዲሱን መኪና እንደ አሮጌ ያስጨሰዋል። የአውሮፓ ጣሪያ ከ2009 ወዲህ በኪሎ 10 ሚሊግራም ብቻ ነው።

ትነት፦ በበጋ ሙቀት ቤንዚን ሳይቃጠልም ይተናል፤ ትነቱ ከናይትሮጅን ኦክሳይዶች ጋር በፀሐይ ሲገናኝ ኦዞን ይሆናል። ኦዞን ደግሞ አስም ላለበት ሰው ጠላት ነው። አዲስ አበባ በ2008 የፊንጫ ስኳር ፋብሪካን ኤታኖል በ5 በመቶ ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ስትጀምርም ይኸው ጥያቄ አለ፦ ኤታኖል በተለይ ካታላይዘር በሌላቸው አሮጌ መኪኖች ካርቦን ሞኖክሳይድን ይቀንሳል፣ በጥቂቱ ሲቀላቀል ግን ትነቱን ይጨምራል።

ስለዚህ ነዳጅ «ንጹሕ» ነው ሲባል «ከምኑ?» ብለን እንጠይቅ። በእኛ እጅ ያለውም ቀላል አይደለም፦ ስትቀዱ ቀጂው ራሱ ካቆመ በኋላ አትጨምሩ፤ የሞተር መብራት ሲበራ ቶሎ አስመርምሩ፤ ቅርብ ቦታ በእግር ሂዱ። ካታላይዘር እስኪሞቅ ድረስ አያጠራምና፣ ከመኪናው ብዙው ብክለት የሚወጣው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው።