ኮከብና መሰላል ያለው ስልክ

ቁልፍ ስልክ ይደውላል፣ ይቀበላል፣ መልእክት ይልካል። አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ቀናት ይከርማል፤ ከኪስ ቢወድቅም አንስቶ አቧራውን ማራገፍ ነው። ይህን የማያውቅ ስለሌለ አልፈዋለሁ። ቴሌግራምና ቪዲዮ ለሥራው የግድ የሆነበት ሰው ተች ይግዛ፤ እሱንም አልከራከረውም። የሚቆጨኝ ግን ቁልፍ ስልኩ የሚችለውን ሥራ «አይችልም» ተብሎ ያለ ጥፋቱ መሳቢያ ውስጥ ሲጣል ነው።

ላንቻ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ አንድ ጋራዥ ውስጥ መኪና ሳሠራ፣ መካኒኩ ደህና ኖኪያውን ሊሸጥ እንደሆነ ነገረኝ። «ለምን?» አልኩት። «ጋሼ፣ ደንበኛው ሁሉ በቴሌብር ነው የሚከፍለኝ፤ ተች ከሌለኝ እንዴት ይሆናል?» አለኝ። እጁ እስከ ክርኑ በግራሶ ተለውሷል። በዚያ እጅ የቁልፍ ስልኩን ቁጥሮች አንድ በአንድ ሲጫን ምንም አልሳተም። ተች ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ሳሙና መፈለግ ነበረበት።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ጀምሮ ኮከብ 127 መሰላል አለው። የንግድ ባንኩ ሲቢኢ ብርም ኮከብ 847 መሰላል አለው። ሁለቱም ኢንተርኔት አይጠይቁም። የአየር ሰዓታችንን በኮከብ 804 መሰላል የምናየው በዚሁ ዘዴ ነው፤ ባለሙያዎቹ ዩኤስኤስዲ ይሉታል።

ይህን ዘዴ በጣም ስለምወደው ትንሽ ልዘርዝረው። አጭር መልእክት ስትልኩ ጽሑፉ በመጀመሪያ የመልእክት ማእከል ይገባል፤ የተቀባዩ ስልክ ተዘግቶ ከሆነ እስኪከፈት እዚያው ይቆያል። ኮከብና መሰላል ግን እንደ ባንክ መስኮት ነው። ፊት ለፊት ቆማችሁ ትጠይቃላችሁ፣ ወዲያው ይመለስላችኋል፤ ከዘገያችሁ መስኮቱ ይዘጋል። ምልልሱ የሚጓዘው ኔትወርኩ ከስልኩ ጋር በሚግባባበት የምልክት መስመር ላይ ነው። ስለዚህ ዳታ ባይኖርም፣ ጥቅሉ ቢያልቅም፣ የጥሪ ኔትወርክ እስካለ ድረስ ይሠራል። በአንድ ጊዜ የሚያልፈው ጽሑፍ ቢበዛ 182 የላቲን ፊደል ነው። ምናሌው እንደዚያ አጥሮና ተቆራርጦ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ስልኩ ደካማ ስለሆነ አይደለም።

መስኮቱ ሲዘጋ ደግሞ ምንም አያስቀርም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ምናሌው መሀል ላይ ሲጠፋበት «አልሄደም» ብሎ ያንኑ ገንዘብ ደግሞ ይልካል። ኧረ ታገሡ! ከ127 የሚመጣውን መልእክት ጠብቁ፤ ከዘገየ ቀሪ ሒሳባችሁን እዩ፤ ከዚያ በኋላ ነው መድገም። ያንን መልእክትም አታጥፉ፤ በእጃችሁ ያለው ደረሰኝ እሱ ብቻ ነው።

ሌላም አለ። በብዙ ቁልፍ ስልኮች ላይ በዚህ ምናሌ የምትጽፉት የምስጢር ቁጥር በኮከብ አይሸፈንም፤ እንዳለ ይታያል። አንዲት እናት ሱቅ በር ላይ ስልካቸውን ለባለሱቁ አቀብለው የምስጢር ቁጥራቸውን ጮክ ብለው ሲነግሩት ሰማሁ። «እማማ፣ እንደሱ አይበሉ እንጂ» ስላቸው «ምን ላድርግ ልጄ፣ መነጽሬን ረስቼ» አሉኝ። እሳቸውን አልወቅስም። ዓይኑ ደህና የሆነው፣ ስንፍና ብቻ ይዞት «አንተ ላክልኝ» የሚለው ግን ይወቀሳል።

የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. የጀመረው 8028 የስልክ መስመር የተሠራውም ለዚሁ ቁልፍ ስልክ ነው። ገበሬው ይደውላል፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ የተቀዳ ምክር እየሰማ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ አረም ቁጥር እየተጫነ ይመርጣል። ማንበብ የማይችልም ይጠቀምበታል።

አማርኛ መጻፍን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። አንድ አጭር መልእክት 140 ባይት ይይዛል። ይህ በላቲን 160 ፊደል ሲሆን በእኛ ፊደል ግን 70 ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ባይት ይወስዳልና። አንዳንድ ርካሽ ስልክ ደግሞ ፊደላችን ጭራሽ ስለሌለው የመጣውን አማርኛ ሁሉ ባዶ ሳጥን አድርጎ ያሳያል። ስለዚህ ስትገዙ እዚያው ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ ከጓደኛችሁ ስልክ የአማርኛ መልእክት አስልኩበት። ኮከብ መሰላል 06 መሰላል ብላችሁም የሚወጣው ባለ 15 አሃዝ የስልኩ መለያ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር መመሳሰሉን አረጋግጡ። ሬዲዮውን ስትሞክሩ ማዳመጫውን ሰኩበት፤ በአብዛኞቹ ላይ አንቴናው ገመዱ ነውና «አይሰማም» ብላችሁ ደህናውን ስልክ አትመልሱ።

ውጭ አገር ላለ ዘመድ ልትልኩ ወይም ይዛችሁ ልትሄዱ ካሰባችሁ ግን ኔትወርኩን ጠይቁ። ብዙዎቹ ቁልፍ ስልኮች በሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ ብቻ ነው የሚሠሩት። እዚህ አገር ያ ኔትወርክ አለ፤ አውስትራሊያን በመሰሉ አገሮች ግን ከተዘጋ ዓመታት አልፈውታል። ለዚያ የሚሆነው አራተኛውን ትውልድ የሚቀበለው ቁልፍ ስልክ ነው፤ እሱም ገበያ ላይ አለ።