«እስማማለሁ» ከማለታችን በፊት

ባለፈው ዓመት አዲስ ላፕቶፕ ገዝተን ሞጆ ወደሚገኘው ቤታችን ስናስገባ ባለቤቴ ከመቸኮሉ የተነሣ የመጣለትን ጥያቄ ሁሉ «እስማማለሁ» እያለ አለፈው። ባለቤቴ መጋቢ ነው። በዚያ ኮምፒዩተር ስብከቱን ብቻ ሳይሆን ለምክር የሚመጡ ባለትዳሮችን ጉዳይም ይጽፍበታል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የበኩር ልጃችን አንዱን ጽሑፍ በስልኩ ከፍቶ ሲያነብ ደረስኩበት። ለካ ጽሑፎቹ በኢንተርኔት ወደ ቤተሰባችን የጋራ አካውንት እየተገለበጡ ኖሯል። ማንም አልሰረቀንም፤ ፈቃዱን የሰጠነው እኛው ነን።

ውድ አንባቢያን፣ ኮምፒዩተርን የሚያንቀሳቅሰው ዋና ፕሮግራም ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይባላል። ብዙዎቻችን የምናውቀው ዊንዶውስን ነው። ዊንዶውስ 10 እና 11 ስለ ኮምፒዩተሩ አሠራር መረጃ ወደ ማይክሮሶፍት ይልካሉ። ከሚላከው ውስጥ ግዴታ የሆነ አለ፤ በፈቃዳችን የሚላክም አለ። ፕሮግራሞችን እንዴት እንደምንጠቀምና በኩባንያው ብሮውዘር የትኞቹን ድረ ገጾች እንደጎበኘን የሚናገረው ሁለተኛው ስለሆነ፣ መከልከል እንችላለን።

እምቢ ማለት ዋጋ አለው። ማይክሮሶፍት በግንቦት 2016 ዓ.ም. «ሪኮል» የተባለ፣ የስክሪኑን ፎቶ በየጥቂት ሰከንዱ እያነሣ እዚያው ኮምፒዩተሩ ላይ የሚያስቀምጥ አሠራር አስተዋወቀ። ብዙ ባለሙያዎች ስለተቃወሙት ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ባለቤቱ ካልፈቀደ በቀር እንደማይሠራ አስታወቀ። በአገራችንም በዚያው ዓመት የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ፈቃድ የሰጠ ሰው ፈቃዱን መልሶ ማንሣት እንደሚችል ይደነግጋል።

ታዲያ ባልና ሚስት አንድ ምሽት አብረው ይቀመጡ። «ሴቲንግስ» ውስጥ ገብተው «ፕራይቬሲ» የሚለውን ይክፈቱ። ካሜራውን፣ ማይክሮፎኑንና ያሉበትን ቦታ የትኛው ፕሮግራም እንደሚጠቀም ይመልከቱ፤ የማያስፈልገውን ያጥፉ። ሰነዶቻቸው ወደ ኢንተርኔት ይገለበጡ እንደሆነም ያጣሩ። ለልጆች የራሳቸውን መግቢያ ይክፈቱላቸው።

እኛ ይህን ሁሉ ያደረግነው ዘግይተን ነው። ታማኝ ሰው ምሥጢር ይሰውራል (ምሳ. 11፥13)፤ እኛ ግን በቸልተኝነት ገለጥነው። ዝም ብንል ማንም አያውቅም ነበር። ሆኖም ባልና ሚስቱን ቤታችን ጠርተን የሆነውን ነገርናቸው፤ ይቅርታም ጠየቅን። እኅታችን አለቀሰች። ይቅር አሉን፤ ባለቤቴ ግን ከዚያ ወዲህ የምክር ማስታወሻውን በደብተር ይጽፋል፤ ቁልፉም በኪሱ ነው።