የኢንተርኔት ወረትና የእንግሊዝኛ መማሪያ ድረ ገጽ

ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ኮተቤ ባለው የየካ አካባቢ እንግሊዝኛ ማስተማር የቆየ ሙያ ነው። ብዙዎች እስካሁን ኮተቤ መምህራን ኮሌጅ የሚሉት፣ ዛሬ የኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ የሆነው ተቋም ለአሥርተ ዓመታት የቋንቋ መምህራንን አሠልጥኖ አሰማርቷል። አሁን ደግሞ መምህር የሆነም ያልሆነም፣ ስልክና ላፕቶፕ ያለው ወጣት የእንግሊዝኛ መማሪያ ድረ ገጽ ለመክፈት ያስባል። መክፈቱ ቀላል ነው፤ የሚከብደው ማቆየቱ ነው። ኢንተርኔት ወረት አያጣም። ሁሉንም ልከተል ያለ ሰው የማስተማሪያ ጊዜ አይተርፈውም፤ ምንም አልከተልም ያለው ደግሞ ተማሪ አያገኝም። ታዲያ የትኛውን ወረት ይዞ የትኛውን መተው ይሻላል?

መጀመሪያ ማን እንደሚመጣ እንይ። ዋናው የፈተና ተማሪ ነው። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሂሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ጂኦግራፊውም የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ ነው። የ2014 ዓ.ም.ን ፈተና ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። ሁሉም በቋንቋ ምክንያት ወደቁ አልልም። ነገር ግን ጥያቄው ራሱ ያልገባው ልጅ ፊዚክስ ቢያውቅ ምን ይጠቅመዋል? ከፈተና ተማሪው ቀጥሎ ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚዘጋጅ፣ አስጎብኚ ለመሆን የሚፈልግ፣ ውጭ አገር ለመማር አይልትስ የተባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና የሚወስድ ይመጣል። የእነዚህ ሰዎች ፍላጎት ከዓመት ዓመት ብዙ አይለወጥም። የሚለወጠው እነሱ የሚገኙበት ቦታ ነው።

በአንድ ወቅት ብዙ የእንግሊዝኛ ቃላት ጨዋታና መልመጃ ፍላሽ በተባለው ሶፍትዌር ይሠራ ነበር። ተማሪው ሥዕል እየጎተተ ከቃሉ ጋር ያዛምዳል፣ ሲሳካለት ደወል ይሰማል፤ በጣም ያምር ነበር። አዶቤ ፍላሽን እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ዘጋው። ትምህርታቸውን በሙሉ በእሱ የሠሩ ድረ ገጾች በአንድ ጊዜ ባዶ ሳጥን ሆነው ቀሩ። በሌላ በኩል የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ሲገባ ብዙ ጩኸት አልነበረውም። ከዚያ በፊት አማርኛ የሚጻፈው እርስ በርስ በማይግባቡ ልዩ ልዩ የፊደል ሶፍትዌሮች ስለነበር ጽሑፉን ድረ ገጽ ላይ የሚያወጣው ሰው ብዙ ጊዜ እንደ ሥዕል ያስቀምጠው ነበር፤ ሥዕልን ደግሞ የፍለጋ መሣሪያ እንደ ጽሑፍ ፈልጎ ሊያገኘው አይችልም ነበር። ከዚያ በኋላ በዩኒኮድ የተጻፈ ማብራሪያ ዛሬም በማንኛውም ስልክ ይነበባል። ልዩነቱ ግልጽ ነው። ፍላሽ የአንድ ኩባንያ ንብረት ነበር፤ ዩኒኮድ ግን ሁሉም የሚጠቀምበት የጋራ ስምምነት ነው። አዲስ ነገር ሲመጣ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ያስገባሁትን ትምህርት ነገ ይዤ መውጣት እችላለሁ?

ይህ ጥያቄ በእኛ አገር የበለጠ ክብደት አለው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ከትምህርቱ ከፊሉ ወደ ቴሌግራም ሄደ። ቴሌግራም ለእኛ ሁኔታ ይመቻል፤ ፋይል ይቀበላል፣ ደካማ ኔትወርክ ላይም ይሠራል፣ ተማሪው የሚፈልገውን ብቻ መርጦ ማውረድ ይችላል። ስለዚህ ብዙ አስተማሪዎች ድረ ገጻቸውን ትተው ቻናል ብቻ ያዙ። ከዚያ በየካቲት 2015 ዓ.ም. ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገደቡ፤ ገደቡም አምስት ወር ገደማ ቆየ። ቪፒኤን ያለው ተሻገረ፤ የሌለው ተማሪ ቀረ። በዚያን ጊዜ የራሱ ድረ ገጽ የነበረው አስተማሪ ትምህርቱ እንደተከፈተ ቀጠለ። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. እንደሆነው ኢንተርኔቱ ጭራሽ ሲቋረጥ ደግሞ ድረ ገጹም አያድንም። ስለዚህ እያንዳንዱ ትምህርት በፒዲኤፍ መውረድ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዶ መታተም፣ ከስልክ ወደ ስልክ መተላለፍ የሚችል ይሁን። ቴሌግራሙ ይኑር፤ ዋናው ቅጂ ግን በራስ ድረ ገጽና በራስ ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጥ።

ሁለተኛው ጥያቄ የፋይሉ ክብደት ነው። የሦስት ደቂቃ የቃል ትምህርት በድምፅ ብቻ፣ በሰከንድ 32 ኪሎቢት ሲቀዳ 700 ኪሎባይት ያህል ይሆናል፤ ለንግግር ይህ ጥራት ይበቃል። ያው ትምህርት በሰከንድ 1 ሜጋቢት በቪዲዮ ሲቀርብ ከ22 ሜጋባይት በላይ ነው፤ ሠላሳ እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። ፓኬጁ ሊያልቅበት የተቃረበ ተማሪ የቱን እንደሚከፍት ግልጽ ነው። አነባበብ ለማስተማር አፍ መታየት ካለበት ቪዲዮ ይሁን፤ ሰዋስው ለማብራራት ግን ጽሑፍና አጭር ድምፅ ይበቃሉ። የአሜሪካ ድምፅ እ.ኤ.አ. በ1959 የጀመረው «ስፔሻል ኢንግሊሽ» ዝግጅት ሥዕል አልነበረውም። 1,500 ገደማ ቃላትን ብቻ እየተጠቀመ ቀስ ብሎ ያነብ ነበር፤ በዓለም ዙሪያም በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ብዙ ሰው አስተምሯል። ቃላትን መወሰንና ፍጥነትን መቀነስ ዛሬም ከማንኛውም አኒሜሽን በላይ ጀማሪን ይረዳል።

ሦስተኛው፣ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው፣ የእኛን ተማሪ ስህተት ማወቅ ነው። በዓለም ላይ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ድረ ገጽ ሞልቷል፤ ገንዘብም ባለሙያም አላቸው፤ በእነሱ ሜዳ መወዳደር አይቻልም። ነገር ግን ሰዓት አነጋገርን እንውሰድ። የውጭ ድረ ገጽ የሰዓት ሥዕል አሳይቶ «ናይን ኦክሎክ» ብሎ ያልፋል። የእኛ ልጅ ግን ያንኑ ሰዓት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ብሎ ነው የሚያውቀው። ቃሉን በትክክል ተምሮም ለቃለ መጠይቅ «አት ስሪ ኦክሎክ» ብሎ ሊቀጥር ይችላል። ስድስት ሰዓት መጨመርና መቀነስን የሚያለማምድ አንድ ገጽ፣ ከጎኑም ዓመተ ምሕረትን ወደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የሚቀይር መልመጃ፣ ለኢትዮጵያዊ ተማሪ የግድ ነው። ሌላም አለ። «ከ2010 ጀምሮ እዚህ እየኖርኩ ነው» ማለት የለመደ ሰው «አይ አም ሊቪንግ ሂር ሲንስ» ብሎ ይጀምራል፤ ትክክለኛው «አይ ሃቭ ሊቭድ ሂር ሲንስ» ነው። ስህተቱ ከየት እንደመጣ በአማርኛ የሚነግረው ሰው ሲያገኝ ቶሎ ይታረማል። እንዲህ ያሉ ገጾች አንዴ በደንብ ከተጻፉ ዓመታት ይኖራሉ።

እንዲገኙ ግን ሰው እንዴት እንደሚፈልግ ማወቅ ያስፈልጋል። አንዱ «እንግሊዝኛ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «እንግሊዘኛ»፣ ሌላው አማርኛውን በላቲን ፊደል። ርዕሱ አንዱን ቢይዝ በጽሑፉ ውስጥ ሌላው አጻጻፍ መግባት አለበት። ጎግል ሰርች ኮንሶል የተባለው ነፃ መሣሪያ ሰዎች ምን ጽፈው ገጹ እንደታያቸው፣ ስንቶቹስ እንደከፈቱት ያሳያል። ብዙ ጊዜ ታይቶ ብዙም ያልተከፈተ ገጽ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ርዕሱ ግልጽ አይደለም ማለት ነው። ጎግል ትሬንድስ ደግሞ አገሩን ኢትዮጵያ ላይ አድርጎ የሰሞኑን ፍለጋ ለማየት ያስችላል። ሁለቱን በሳምንት አንዴ ማየት ይበቃል፤ በየሰዓቱ የሚያይ ሰው ሥራ ይፈታል።

የፈተና ሰሞን የሚመጣውን ወረት ግን በፍጹም መንካት የለብንም። በየዓመቱ «የፈተናው ወረቀት እጄ ገብቷል» የሚል ማስታወቂያ ይሠራጫል፤ ተመልካችም ይጎርፋል። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ፈተና እውነትም ወጥቶ በማኅበራዊ ሚዲያ በመሠራጨቱ ብሔራዊ ፈተናው ተሰርዞ እንደገና ተሰጥቷል። ያንን ጊዜ የሚያስታውስ አስተማሪ በዚህ ወሬ ተመልካች ለመሰብሰብ እጁን አያነሳም። ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን ከነማብራሪያቸው ማቅረብ በቂ ነው፤ መልሱ «ለ» ነው ብሎ ከማለፍ «ሀ» ለምን እንዳልሆነ ማስረዳት ይበልጣል።

ቲክቶክስ? ለማስተዋወቅ ይጠቅማል፤ የማይከተለን ሰው ፊት ያደርሰናል። እንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ወጣቶች በባሕር ዛፉ መካከል ቪዲዮ ሲቀርጹ ማየት የተለመደ ነው። «ውሎዬ» የሚለውን የቪዲዮ ዓይነት እንውሰድ፤ ከጠዋት እስከ ማታ የሚሠራን ነገር መናገር ማለት ነው፤ ይህ የአዘቦት ድርጊትን የሚገልጸው የግሥ ጊዜ ሁነኛ መልመጃ ነው። አስተማሪው በ40 ሰከንድ ስለ እህቱ ውሎ ይናገራል፣ «ሺ ጎውዝ» ላይ ያለችውን የመጨረሻ «ዝ» አጉልቶ ያሰማል፣ ተመልካቹም ስለ ራሱ ቤተሰብ እንዲናገር ይጋብዛል። ሙሉው ትምህርትና መልመጃው በድረ ገጹ ላይ ይቆየዋል። ወረቱ ሲያልፍ የሚጠፋው 40 ሰከንዱ ብቻ ነው። ተማሪው አፉን ከፍቶ እንዲናገር ወይም እንዲጽፍ የማያደርግ ወረት ግን ቢቀር አይጎዳም።

ከሁሉ የከበደው ለውጥ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ነው። ቻት ጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ወጣ፤ ጎግልም ከ2024 ጀምሮ በፍለጋው ውጤት አናት ላይ በማሽን የተጻፈ መልስ ማሳየት ጀመረ። «ፕሬዘንት ፐርፌክት ምንድን ነው» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን እዚያው አንብቦ ይሄዳል፤ ድረ ገጹን አይከፍትም። ስለዚህ ትርጓሜ ብቻ የሚሰጡ ገጾች አንባቢ እየጠፋባቸው ነው፤ መልመጃ፣ የታረመ የተማሪ ጽሑፍና የአስተማሪ ድምፅ ያላቸው ግን የተሻለ ዕድል አላቸው። ማሽኑን የመልመጃ ረቂቅ ለማዘጋጀት መጠቀም ጊዜ ይቆጥባል። ሳያነቡ መለጠፍ ግን አደገኛ ነው፤ አማርኛው ብዙ ጊዜ ይንሻፈፋል፣ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት»ንም እንዳለ ወደ «ስሪ ኤኤም» ሊመልሰው ይችላል።

የቀረው ወጪ ነው። የዶሜን ስምና ሆስቲንግ በአብዛኛው በዶላር ይከፈላል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ያው የዓመት ክፍያ በብር ሲሰላ በጥቂት ወራት ውስጥ በእጥፍ ገደማ ጨመረ። ብዙዎች ውጭ ያለ ዘመድ እንዲከፍልላቸው ይጠይቃሉ፤ ይህ ችግር የለውም፤ ነገር ግን ዶሜኑ የተመዘገበበት ስምና ኢሜይል የአስተማሪው መሆን አለበት፤ አለዚያ ዘመድ ስልክ ቁጥር በቀየረ ቀን ድረ ገጹን ማደስ ላይቻል ይችላል። ከተማሪ የሚሰበሰበውን ትንሽ ክፍያ በቴሌብር መቀበል ይቻላል። ነፃውን ትምህርት ነፃ አድርጎ፣ ለጽሑፍ እርማትና በስልክ ለሚደረግ የንግግር ልምምድ ብቻ ማስከፈል ተገቢ ይመስለኛል፤ አስተማሪው ጊዜውን የሚሰጠው ለእነዚህ ነውና።