በግልጽ ጠይቁት

ቢቸና ተወልጄ ሞጣ የምሠራ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። «ራሴን ላጠፋ ነው» ብሎ ወደ ክፍሌ የሚገባ ሰው የለም። ገበሬው «ወገቤን» ይላል፤ እናትየዋ «እንቅልፍ ከዓይኔ ጠፋ» ብላ ትመጣለች። የሆዳቸው የሚወጣው ዘግይቶ ነው፤ ካልጠየቋቸው ጭራሽ ላይወጣ ይችላል።

ስለዚህ እጠይቃለሁ። «አባቴ፣ ሰው ሲጨንቀው ሞቱን የሚመኝበት ጊዜ አለ። እርስዎስ ራሴን ላጥፋ ብለው አስበው ያውቃሉ?» አዲስ የተመደቡ ባለሙያዎች ይህን ሲሰሙ ይደነግጣሉ፤ ያላሰበውን ማሳሰብ ይመስላቸዋል። መጠየቅ ግን ሐሳቡን እንደማያመጣ ተጠንቷል። እኔም ያየሁት እፎይታ ነው። አንዳንዱ ያለቅሳል፤ አንዳንዱ ጋቢውን ወደ ፊቱ ይስብና ዝም ይላል። እሱንም እንደ መልስ እቆጥረዋለሁ።

«አዎ» ካሉኝ እቀጥላለሁ፦ መቼ ነው ያሰቡት? የሚጠቀሙበት ነገር ቤት ውስጥ አለ? ከዚህ በፊትስ ሞክረው ያውቃሉ? አንዴ የሞከረ ሰው ከሌላው ይልቅ ያሰጋል። ቡታጅራ ላይ ቤት ለቤት ተካሂዶ በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 10,468 አዋቂዎችን ጠይቆ ነበር፤ 3.2 በመቶው በሕይወታቸው እንደሞከሩ ተናግረዋል። አንድ የእድር ድንኳን ውስጥ ስንት ሰው እንደሚቀመጥ አስቡት።

ነገሩ ይደበቃል። ራሱን ላጠፋ ፍትሐት አይደረግም ስለሚባል ቤተሰብ «ድንገት ነው» ብሎ ያልፋል። እኔ ከካህናት ጋር ክርክር የለኝም፤ የንስሐ አባት ከእኔ በፊት ብዙ ይሰማል። ጸበል የሚሄደውንም መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ብቻ እለምነዋለሁ።

ጎረቤትስ በምን ይወቅ? «በሞቴ» ሳይባል እንጀራ በማይበላበት አገር፣ ሰው ሞትን ስላነሳ ብቻ ማንም አይደነግጥም። ለውጡን እዩ። እድር ቀርቶ የማያውቅ ሰው መቅረት ጀመረ፤ ጠላ እንኳ የማይቀምሰው አረቄ ለመደ፤ ዕዳውን በአንድ ቀን ዘግቶ፣ በሬውን ለወንድሙ ሰጥቶ «ልጆቼን አደራ» አለ። እኔን ከሁሉ የሚያስፈራኝ ሲጨነቅ ከርሞ ድንገት የሚረጋጋው ነው፤ ቤተሰቡ «ተመስገን፣ ተሻለው» እያለ ከአጠገቡ የሚርቀው ያኔ ነውና።

እንዲህ ያለውን ሰው ብቻውን አትተዉት። ጤፍና ስንዴ የምናመርት ስለሆንን የአረምና የተባይ መድኃኒት ከቤታችን አይጠፋም፤ ይቆለፍበት፣ አለዚያም ሌላ ቤት ይቀመጥ። ስሪላንካ እጅግ መርዛማ የሆኑትን የእርሻ ኬሚካሎች በየተራ ከከለከለች በኋላ ራስን በማጥፋት የሚሞተው ሰው በ70 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ክፉው ሰዓት ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ እስኪያልፍ የሚጎዳው ነገር እጁ አይግባ።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ። ያን ጊዜ ዘመድ በተራ አብሮት ይደር፤ በቅርብ ላለው ጤና ጣቢያም ይነገር። መንገዱ ሲከፈት ከሚያምነው ሰው ጋር ወደ ሆስፒታል ይምጣ፤ ተሻለኝ ቢልም ይምጣ።