ቀይ ቀሚስ፣ ጥቁር ድንኳን፦ የኢራንን አርብቶ አደሮች በዘመናዊ ስልት መሣል

በምዕራብ ኢራን ዛግሮስ የሚባል ረጅም የተራራ ሰንሰለት አለ። ባክቲያሪና ቃሽቃይ የተባሉት ጎሳዎች መንጋቸውን እየነዱ በዚህ ተራራ ሲወጡና ሲወርዱ ኖረዋል። ብርዱ ሲመጣ ቆላ ይወርዳሉ፤ ሙቀቱ ሲበረታ ደጋ ይወጣሉ። ይህን ኑሮ የሚያሳዩ ዘመናዊ ሥዕሎች አይተው «እንዴት ይሠራሉ? እኔስ ብሞክር ምን ያህል ያስወጣኛል?» ብለው አስበው ከሆነ፣ አብረን እንየው።

መጀመሪያ «ዘመናዊ ስልት» ምንድን ነው? ሠዓሊው ያየውን እንደ ፎቶግራፍ አይገለብጥም። ቅርፁን ይከፋፍላል፣ ቀለሙን ያጎላል፣ ሲያሻው ጥላውን ይተዋል። በኢራን ይህን መንገድ ቀድመው ከጠረጉት አንዱ ጃሊል ዚያፑር (1920–1999 እ.ኤ.አ.) ነው። ፓሪስ ተምሮ ሲመለስ ኩቢዝምን ይዞ መጣ። ኩቢዝም ማለት አንድን ነገር በቀጥታ መስመሮችና በማዕዘኖች ሰባብሮ እንደገና መገጣጠም ነው።

ዚያፑር በዚህ አላበቃም። ሸራውን እንደ ሸክላ ንጣፍ በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ከፍሎ፣ በውስጣቸው የገጠርና የጎሳ ሴቶችን ከነልብሳቸው ሣለ። ደግሞም የኢራንን ሕዝቦች አለባበስ አጥንቶ መጻሕፍት ጽፏል። እኔ ከስልቱ ይልቅ ይህን ጥናቱን አብልጬ አከብራለሁ። ቀሚሱ እንዴት እንደሚደረብ ያላወቀ ሰው፣ ቀሚሱን ሰባብሮ ሊገጣጥመው አይችልም።

«ታዲያ ከየት ልጀምር?» ካሉ፣ መልሴ ከምንጣፉ ነው። የቃሽቃይ ሴቶች የሚሸምኑበት መሣሪያ በካስማ ተወጥሮ መሬት ላይ ይጋደማል። የጉዞው ቀን ሲደርስ ካስማው ይነቀላል፤ ያላለቀው ሥራ ተጠቅልሎ እንስሳ ላይ ይጫናል። ጋቤ የሚባል ወፍራም ምንጣፍ አላቸው፤ ብዙውን ጊዜ በወረቀት ላይ የተነደፈ ሥዕል ሳይኖር፣ ከሐሳብ ብቻ ይሠራል። አንድ ጋቤ ፊት ረጋ ብለው ይቀመጡ። ሰፊ ቀይ መስክ ያያሉ፤ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ፍየል ትኖራለች። ጥላ የለም። ሰማይና ምድር የሚለዩበት መስመርም የለም። ዘመናዊ ሠዓሊ አውሮፓ ሄዶ የሚማረውን ሸማኔዋ እናቷ ጎን ተቀምጣ ተምራዋለች። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ቀለም አይግዙ። በእርሳስ የምንጣፍ ቁርጥራጮችን ይንደፉ።

ቀጥሎ ድንኳኑ ይመጣል። የሚሸመነው ከጥቁር የፍየል ጠጉር ነው። ዝናብ ሲነካው ክሩ ያብጥና ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ሲደርቅ ደግሞ ነፋስ ያሳልፋል። ለሠዓሊ ይህ ድንኳን ትልቅ ሀብት ነው። አንድ ጥቁር ቅርፅ በሸራው ላይ ሲያርፍ ዙሪያው ያለው ቀለም ሁሉ ይበራል። የባክቲያሪ ወንዶች የሚለብሱት ቾጋ፣ ማለትም ጥቁር ሰንበሮች የወረዱበት ነጭ የሱፍ ካባ፣ ራሱን የቻለ ንድፍ ነው። የቃሽቃይ ወንዶችን ደግሞ በግራና በቀኝ ክንፍ ባለው የሱፍ ቆባቸው ይለዩዋቸዋል።

አሁን ወደ ወጪው እንሂድ። የቀለም ዋጋ የሚለካው በቱቦው ትልቅነት ብቻ አይደለም። ውስጥ ያለው ዱቄት፣ ማለትም ቀለሙን ቀለም ያሰኘው ነገር፣ ይወስነዋል። ከአፈር የሚገኙት ቢጫና ቡናማ ቀለሞች ርካሽ ናቸው። ተራራውን፣ አቧራውንና ፍየሎቹን በእነዚህ ይጨርሳሉ። ኪስ የሚጎዳው የሴቶቹ ቀሚስ ነው። ካድሚየምና ኮባልት ከሚባሉ ብረታ ብረቶች የሚሠሩት ደማቅ ቀይና ሰማያዊ ውድ ናቸው። ርካሽ ምትካቸውም ይሸጣል፤ ብዙ ጊዜ ግን ከሌላ ቀለም ጋር ሲደባለቅ ኃይሉ ይደክማል። ምክሬ፦ አንድ ጥሩ ቀይ ይግዙ፣ ሌላውን ይቆጥቡ። ሸማኔዎቹም ቀዩን ሩናስ ከሚሉት ተክል ሥር፣ ሌላውን ከሮማን ልጣጭና ከመሳሰለው አውጥተው ነው የኖሩት።

የዘይት ቀለም ይሻላል ወይስ አክሪሊክ? አክሪሊክ በውሃ የሚቀጥን ቀለም ነው፤ በደቂቃዎች ይደርቃል። የዘይት ቀለም ስስ ሆኖ ቢቀባ እንኳ ቀናት ይፈልጋል። የመጨረሻውን መከላከያ ቅባት፣ ቫርኒሹን፣ ለመቀባት ደግሞ ስድስት ወር ያህል መጠበቅ የተለመደ ነው። ሰፋፊውን ሜዳ በአክሪሊክ ሸፍነው ቀሚሱን በዘይት ቢሠሩ ገንዘብም ጊዜም ይተርፍዎታል። ቅደም ተከተሉን ግን አይገልብጡ። በዘይት ላይ የተቀባ አክሪሊክ ይላጣል።

አንድ ጥያቄ ይቀራል። ዛሬ መንጋ የሚያጓጉዘው የጭነት መኪናስ ይሣል? አዎ፣ ይሣል። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የኢራን ንጉሥ የነበረው ሬዛ ሻህ እነዚህን ሰዎች በግድ ባንድ ቦታ ሊያሰፍራቸው ሞክሮ መንጋቸው በብዛት አልቋል። ዛሬ ብዙዎቹ ቤት ሠርተው ተቀምጠዋል። ከሚዘዋወሩትም በጎቻቸውን በመኪና የሚያጓጉዙ ብዙ ናቸው። መኪናውንና የፕላስቲክ ጀሪካኑን ደብቆ ፈረሱን ብቻ የሚሥል ሰው፣ የሌለ ሕዝብ ይሥላል። በጣም ያሳዝነኛል፤ ሰዎቹ ዛሬም አሉና።

እኔ ብሆን ደግሞ ነጩን ድንኳን አልረሳም። ከቃሽቃይ የተወለደው መምህር መሐመድ ባህማንቤጊ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከሕዝቡ ጋር የሚጓዙ የድንኳን ትምህርት ቤቶችን ዘርግቷል። የመኖሪያው ድንኳን ጥቁር፣ የትምህርት ቤቱ ነጭ ነበር። ያን ነጭ ለመሣል ቀለም አይግዙ። በዙሪያው ያለውን ሁሉ ቀብተው፣ በድንኳኑ ቦታ ሸራውን ባዶ ይተዉት።