የብራውዘር ኤክስቴንሽን ገቢ የሚያስገኘው እንዴት ነው?

ኤክስቴንሽን ኢንተርኔት በምንከፍትበት ብራውዘር ላይ ተጨምሮ አንድ የተለየ አገልግሎት የሚሰጥ አነስተኛ ፕሮግራም ነው፤ ለምሳሌ አማርኛ የሚያስጽፍ ወይም የኢትዮጵያን ቀን ወደ ጎርጎርዮሳዊው የሚለውጥ። በሐርቡና በኮምቦልቻ የምትገኙ ሰበካ ጉባኤያት፣ ኮምፒውተር የተማሩ ወጣቶቻችሁን በዚህ ሥራ ለመደገፍ ብታስቡ፣ አስቀድማችሁ የገቢውን ምንጭ እንድትመረምሩ እንመክራለን።

በጎግል ክሮም መደብር ለመመዝገብ የሚከፈለው አንድ ጊዜ 5 የአሜሪካ ዶላር ብቻ ነው። ይሁን እንጂ መደብሩ ከተጠቃሚዎች ክፍያ እየሰበሰበ ለሠሪው መስጠቱን በ2021 እ.ኤ.አ. አቁሟል። ስለዚህ ሠሪው የራሱን የክፍያ መንገድ ማዘጋጀት ይኖርበታል፤ ለአገር ውስጥ ተጠቃሚ ቴሌብርና ቻፓ ይገኛሉ።

የገቢው መንገዶች በዋናነት አራት ናቸው። የመጀመሪያው መሠረታዊውን አገልግሎት በነጻ ሰጥቶ ለተጨማሪው ማስከፈል፣ ሁለተኛው በፈቃደኝነት የሚሰጥ ድጋፍ ነው። ሦስተኛው ገዢን ወደ ሻጭ መርቶ ኮሚሽን መቀበል ሲሆን፣ ፔይፓል በ2020 እ.ኤ.አ. በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የገዛው «ሃኒ» ያደገው በዚህ ነው። አራተኛው ተጠቃሚው የሚጎበኛቸውን ገጾች መዝግቦ መሸጥ ነው።

ከዚህ ከአራተኛው መራቅ ይገባል። ኤክስቴንሽን ሰፊ ፈቃድ ከተሰጠው የባንክ ገጽና የግል ደብዳቤ ሳይቀር ሊያነብ ይችላል። ባለቤቱ ሳያውቅ ይህን መሸጥ አደራ መብላት ነው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ተጠያቂነትን ያስከትላል።

እንግዲህ ገንዘብ ከመመደባችሁ በፊት ሦስት ነገሮችን ጠይቁ፦ የሚከፍለው ማን ነው? በምን መንገድ ይከፍላል? ፕሮግራሙስ ምን ምን ያነባል? ወጣቶቹ ለሦስቱም ግልጽ መልስ ካላቸው፣ በአነስተኛ ወጪ መጀመር ይቻላል።